ዐሥረኛው ጥይት

አጎቴ ተግባረ ዕድ ቶርኖ ተምረው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኮሎምበስ ኦሃዮ ውስጥ ብረት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ካርቶን ታቅፌ ወደ ምድር ቤታቸው ወረድኩ። ካርቶኑ ውስጥ በየወሩ ከደሞዜ እየቆጠብኩ የገዛኋቸው የጠመንጃ ዕቃዎች ነበሩ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ የዒላማ ወረቀት። ቡናው እስኪፈላ የተነጋገርነውን፣ ከቡናው በኋላም የቀጠለውን፣ እንዳስታወስኩት ጽፌዋለሁ።

ጋሼ፦ ይህ ምንድን ነው? ሦስት ቀዳዳ ብቻ ነው የማየው።

እኔ፦ ሦስቱም እኮ በአንድ ሳንቲም ይሸፈናሉ ጋሼ! የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ በገጣጠመው ጠመንጃ፣ በ100 ያርድ የተኮስኩት ነው። ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ ቃታውን በሳቡ ቁጥር አንድ ይተኩስና ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል። እኔም እንዲህ ያለ፣ በልኬ የተሠራ ልገጣጥም ነው። ሞርሳዎን እንዲያውሱኝ ነው የመጣሁት።

ጋሼ፦ ሞርሳው የትም አይሄድም። ስንት ጥይት ተኮስክ?

እኔ፦ እዚህ ወረቀት ላይ? ሦስት።

ጋሼ፦ በዚያን ቀን ነው የምጠይቅህ።

እኔ፦ በዚያን ቀን... ሠላሳ ያህል።

ጋሼ፦ ሃያ ሰባቱ የት ሄዱ?

እኔ፦ ሌሎች ወረቀቶች ላይ ናቸው። አንዳንዱ ሰፋ ብሎብኝ ነበር። ጣልኳቸው።

ጋሼ፦ እንግዲህ ስለዚያ ጠመንጃ የሚያሳውቀንን ሁሉ ጥለኸዋል። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ሺህ ቁራጭ ቆርጬ፣ ለተቆጣጣሪው ደህና የወጡትን ሦስቱን ብቻ መርጬ ባሳየው ምን ይለኛል? ዕቃው አውሮፕላን ላይ ነው የሚገባው። ቀሪው ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ምን እንደሚመስል ነው ማወቅ የሚፈልገው።

እኔ፦ ጠመንጃው ግን ሦስቱን አንድ ቦታ አስገብቷል። ይህ ሐሰት አይደለም።

ጋሼ፦ ሐሰት አላልኩም። ጎደሎ ነው። አንድ ጠመንጃ ሁልጊዜ አንድ ቀዳዳ ውስጥ አይተኩስም፤ ጥይቶቹ ይበተናሉ። ጥያቄው ምን ያህል ይበተናሉ ነው። ሦስት ብቻ ከተኮስክ መበተኑ ገና አልታየም፤ አራተኛው ሊወጣ ይችላል፣ ሰባተኛውም። ይህ የግምት ጉዳይ አይደለም፣ ስሌት አለው። በሦስት በሦስት ጥይት እየተኮሰ በአማካይ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚሰጥህ ጠመንጃ፣ ምንም ሳይበላሽ፣ ያው ጠመንጃ በዐሥር ጥይት ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይሰጥሃል። ጠመንጃው አልከፋም፤ አንተ ነህ አሁን በደንብ ያየኸው።

እኔ፦ ስለዚህ ሰው ሁሉ «የኔ ጠመንጃ አንድ ደቂቃ ይመታል» የሚለው...

ጋሼ፦ ደቂቃዋን ታውቃታለህ?

እኔ፦ የማዕዘን መለኪያ ናት። አንዲት ዲግሪ ለስልሳ ስትከፈል አንዷ።

ጋሼ፦ በ100 ሜትር ላይ ወደ 2.9 ሴንቲ ሜትር ትሰፋለች፤ በ200 ደግሞ እጥፍ። አብዛኛው ሰው ደቂቃዬ ብሎ የሚያወራው በሕይወቱ አንድ ቀን የተኮሳትን፣ የኪስ ቦርሳው ውስጥ ያስቀመጣትን ወረቀት ነው። ልክ እንደ አንተ። እየወቀስኩህ አይደለም፤ እኔም መሳቢያ ሙሉ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ነበረኝ።

መሳቢያቸውን ሳቡ። ውስጡ በዓመተ ምሕረት የተደረደረ የወረቀት ቁልል አለ፤ በእያንዳንዱ ጥግ ላይ በእርሳስ ቀኑ፣ ሙቀቱ፣ የንፋሱ አቅጣጫ፣ የጥይቱ ዓይነት ተጽፏል። አንዱን አውጥተው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዙት። ዐሥር ቀዳዳ ነበረው። ዘጠኙ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከሁሉ ተለይቶ ወደ ግራ ሁለት ጣት ያህል ወጥቷል። አጠገቡ «ትንፋሼ» የምትል አንዲት ቃል ተጽፋለች።

እኔ፦ ይህ በምን የተተኮሰ ነው?

ጋሼ፦ በኤም ዋን። አያትህ ኮሪያ የያዘው ዓይነት። ቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሲዘምት የታጠቀው የአሜሪካን መሣሪያ ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ስለ ኮሪያ ብዙ አያወራም ነበር፤ ስለዚያ ጠመንጃ ግን ያወራ ነበር። ስምንት ጥይት ይጎርሳል፣ ስምንተኛው ሲወጣ ማቀፊያው ቅጭል ብሎ ይወረወራል። ቅጭሏን በአፉ እያሰማ ያሳየን ነበር። ዜግነት ካገኘሁ በኋላ፣ ለሲቪሎች የተኩስ ስልጠና የሚሰጠው ፕሮግራም እነዚያን አሮጌ ጠመንጃዎች ለዜጎች እንደሚሸጥ ሰማሁ። አንዱን ገዛሁ። ቅጭሏን የሰማሁ ዕለት ብቻዬን አለቀስኩ።

እኔ፦ ከፊል አውቶማቲክ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ጋሼ፦ ለሠራዊቱ በሙሉ መደበኛ መሣሪያ አድርጎ ከፊል አውቶማቲክ የያዘ የመጀመሪያው አገር አሜሪካ ነው፣ በዚሁ በኤም ዋን፤ በ1936 እ.ኤ.አ.። የፈጠረው ጆን ጋራንድ ካናዳ የተወለደ፣ እንደ እኔ ማሽን ላይ ያደገ ሰው ነው። አሁን ግን ወደ ካርቶንህ እንምጣ። ከዕቃዎቹ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ያወጣህበት የቱ ነው?

እኔ፦ መነጽሩ። ከዚያ ሰደፉ።

ጋሼ፦ ርካሹስ?

እኔ፦ ርካሹ... አፈሙዙ ነው። ሁሉም አንድ ነው ብለውኝ።

ጋሼ፦ ሁሉም አንድ ነው ያለህ ሰው ተኩሶ አያውቅም ወይም ሊሸጥልህ ፈልጓል። የማያጠራጥር ነገር ልንገርህ፦ ጥሩ አፈሙዝና ጥሩ ጥይት ያለው አስቀያሚ ጠመንጃ፣ ርካሽ አፈሙዝ ካለው ያማረ ጠመንጃ ሁልጊዜ ይበልጣል። ያ ብረት ውስጡ ምን እንዳለ አይተሃል?

እኔ፦ ጠመዝማዛ ቦዮች።

ጋሼ፦ እንዝርት አስብ። እናትህ፣ እህቴ፣ ልጅ ሆና ጥጥ ስትፈትል እንዝርቱ ቆሞ የሚሾረው ስለሚሽከረከር ነው፤ ሽክርክሪቱ ሲደክም ይንገዳገድና ይወድቃል። አረርም እንደዚያው ነው። ቦዮቹ ያሽከረክሩታል፣ ሲሽከረከር አፍንጫውን ወደ ፊት አድርጎ ይሄዳል። ረጅም አረር ደግሞ ከአጭሩ ይልቅ ፈጣን ሽክርክሪት ይፈልጋል። አንተ የምትገጣጥመው ዓይነት ጠመንጃ መጀመሪያ ሲሠራ ቦዮቹ አንድ ሙሉ ዙር የሚዞሩት በ14 ኢንች ነበር። በብርድ አገር ሲፈተን አየሩ ጥቅጥቅ ስላለ አረሩ መንገዳገድ ጀመረ። ወደ 12 ኢንች አወረዱት። በኋላ ረዘምና ከበድ ያለ አረር ሲመጣ 7 ኢንች ሆነ። ያ ሁሉ ለውጥ ከውጭ አይታይም፤ ጠመንጃዎቹን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው አንድ ናቸው።

እኔ፦ የኔ ስንት እንደሆነ አላየሁም።

ጋሼ፦ አፈሙዙ ላይ ተጽፎ ይሆናል፤ ኋላ መነጽሬን አድርጌ አነብልሃለሁ። ልታየው ይገባ የነበረው እሱን ነበር፣ ከመነጽሩ ቀለም በፊት።

እኔ፦ ጋሼ፣ ግን አንድ ነገር ግራ ይገባኛል። ትክክለኛ መምታት ከተፈለገ ለምን ሰዎች በእጅ የሚቀረቀር ጠመንጃ አይዙም? ሁሉም እሱ ይበልጣል ይላል።

ጋሼ፦ ይበልጣል ከማለት ይልቅ ይቀላል ብትል። በእጅ የሚቀረቀረው ሲተኮስ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሆነው፦ አረሩ ይወጣል። ከፊል አውቶማቲኩ ግን ከአፈሙዙ ላይ ጋዝ ቀንሶ ለራሱ ሥራ ይጠቀማል። አረሩ እንደወጣ መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ቀለሁን ይተፋል፣ ሌላ ያጎርሳል፣ ተመልሶ ይቆልፋል። የሚንቀሳቀስ ብረት አለ፤ እያንዳንዱ ጊዜ ልክ እንደ በፊቱ መቆለፍ አለበት። በዚያ ላይ ቆሻሻ ሲገባበት፣ ሲሞቅ፣ ሲቀዘቅዝም መሥራት ስላለበት ትንሽ ልቅ መሆን ይፈልጋል። ጥብቅነቱ ለትክክለኛነት፣ ልቅነቱ ለአስተማማኝነት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ይህን ማስታረቅ ነው ሙያው።

እኔ፦ ድሮ እንዴት ያደርጉት ነበር?

ጋሼ፦ ድሮ ባለሙያ ነበር የሚያደርገው። እዚሁ ኦሃዮ፣ ኢሪ ሐይቅ ዳር፣ ካምፕ ፔሪ የሚባል ቦታ አለ፤ ብሔራዊ የተኩስ ውድድር ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይካሄድበታል። እዚያ በኤም ዋን፣ በኋላም በኤም ፎርቲን ሲወዳደሩ የሠራዊቱ ጠመንጃ ጠጋኞች እንጨቱን በሙጫ እያለበሱ፣ ብረቱ ያለ ክፍተት እንዲገጥም አድርገው ያስተኙት ነበር። እንጨት ዝናብ ሲነካው ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይጎብጣል፤ ሥራው ማለቂያ የለውም። ከዚያ የዩጂን ስቶነር ንድፍ፣ ይኸው አንተ የምትገጣጥመው ዓይነት፣ ውድድሩን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወሰደው። ስቶነር በአውሮፕላን ኩባንያ ሥር በነበረው አርማላይት ነው የሠራው፤ ገላውን ከአልሙኒየም አደረገው፣ ዕቃዎቹ እርስ በርስ እንዲለዋወጡ አደረጋቸው። በጠመንጃህ ስም ላይ ያሉት ኤአር የሚሉት ፊደሎችም የመጡት ከኩባንያው ስም ነው፤ ሰው እንደሚመስለው ከሌላ ቃል አይደለም። ዛሬ አንተ ካርቶን ይዘህ መምጣት የቻልከው በዚያ ምክንያት ነው። የባለሙያው እጅ ይሠራው የነበረውን ፋብሪካው አስቀድሞ ልክ አድርጎ ሠርቶልሃል።

እኔ፦ ታዲያ እኔ የምሠራው ምን ቀረ?

ጋሼ፦ ትልቁ። መፈተሽ። ፋብሪካ የሠራውን ጠመንጃ አንድ ሰው ለክቶታል፣ በላዩ ፈርሞበታል። አንተ ቤትህ የገጣጠምከውን ግን ከአንተ በቀር ማንም አልለካውም። ጥይቱ በሚጎረስበት ቦታና በመቀርቀሪያው መካከል ያለው ክፍተት ልክ ካልሆነ ቀለሁ ሊቀደድ ይችላል፤ ያ ሁሉ ግፊት ፊትህ አጠገብ ነው። ለዚያ የተሠራ መለኪያ አለ፤ የሚለካውም ሰው አለ። የመጀመሪያው ጥይት ከመጎረሱ በፊት ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ጠጋኝ ጋ ይዘን እንሄዳለን። እኔ ቶርኖ አውቃለሁ፤ ይህን ግን ለባለቤቱ እተወዋለሁ።

እኔ፦ እሺ። ሕጉስ? ጓደኞቼ መለያ ቁጥር የሌለውን ግዛ፣ ርካሽ ነው ይሉኛል።

ጋሼ፦ ስማኝ። የፌዴራል ሕግ መሣሪያ ከመያዝ ያልተከለከለ ሰው ለራሱ እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ለንግድ ከሆነ ፈቃድ ይጠይቃል። በሕግ ዓይን ጠመንጃው ያ ቁጥር ያለበት ገላ ነው፣ ሌላው ዕቃ ብቻ ነው። ቁጥር ስለሌላቸው ኪቶች በ2022 እ.ኤ.አ. ደንብ ወጣ፤ ተከራከሩበትና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ሰባት ለሁለት ደንቡን አጸናው። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ደግሞ የራሳቸው ጥብቅ ሕግ አላቸው፤ ነገ ሥራ አግኝተህ ብትዛወር ጠመንጃህ አብሮህ ላይሻገር ይችላል። እኔ የምልህ ገላውን ፈቃድ ካለው ነጋዴ፣ በስምህ፣ ተጣርቶ ግዛ።

እኔ፦ ገዝቼዋለሁ። ደረሰኙ ከዕቃው ጋር ነው።

ጋሼ፦ ጎበዝ። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ ይህን አያውቁትም፤ በተማሪ ቪዛ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ጠመንጃም ጥይትም እንዳይዝ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። እንዲህ ላለ ወዳጅህ ተኩስ ብለህ ስታቀብለው እሱን እስር ቤት ልትከተው ትችላለህ። ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን በመሣሪያ ወንጀል ቢፈረድበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ሃያ ዓመት የለፋበት ወረቀት በአንድ ቅዳሜ ይሄዳል። ይህን ቤተ ክርስቲያን ለሚያገኙህ ጓደኞችህ ንገራቸው።

ቡናው ደረሰ። አጎቴ አንደኛውን ፉት ብለው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከካርቶኑ እያወጡ በጨርቅ ላይ ደረደሯቸው፤ እጃቸው ብረት ላይ ሲያርፍ እንደ ሐኪም እጅ ነው። አፈሙዙን አንስተው ወደ አምፖሉ አዙረው በአንድ ዓይናቸው አዩበት፣ መነጽራቸውን አድርገውም ጽሑፉን አነበቡ።

ጋሼ፦ አፈሙዝህ መጥፎ አይደለም። ባለ 8 ኢንች ዙር ነው፤ ረጅሙንም አረር ይችላል። በእሱ ጀምር። በኋላ የተሻለ ብትገዛ የምታውቀው ነገር ይኖርሃል። ይህ ደግሞ እጅ የሚይዘው መሸፈኛ አፈሙዙን አይነካም፤ ይህን ጥሩ መርጠሃል።

እኔ፦ ለምን ጥሩ እንደሆነ ሳላውቅ ነው የመረጥኩት።

ጋሼ፦ ተኝተህ ስትተኩስ ማንገቻውን ክንድህ ላይ ታጠብቀዋለህ። መሸፈኛው አፈሙዙ ላይ ካረፈ፣ ማንገቻው አፈሙዙን ይጎትተዋል፤ ጥይቱም ሌላ ቦታ ይሄዳል። ዓይንህ ትክክል፣ ቃታህ ትክክል፣ ጥይቱ ግን ውጭ። ሰዎች ዓመታት ራሳቸውን ሲወቅሱ የኖሩበት ነገር ነው። በመጨረሻ ግን የሚለይህ ዕቃው አይደለም። ካምፕ ፔሪ 600 ያርድ ላይ ተኝተህ ሃያ ጥይት ትተኩሳለህ፤ ዐሥር ነጥብ የሚሰጠው ክብ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከሐይቁ የሚመጣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሆነ ተራ ንፋስ ከጎን ከመታህ አረሩን ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወስደዋል። ምን ዓይነት አፈሙዝ ያድንሃል? ሣሩን ማየት፣ ባንዲራውን ማየት፣ የራስህን ትንፋሽ ማወቅ ነው።

እኔ፦ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ትንፋሼ» ብለው የጻፉት...

ጋሼ፦ አዎን። ያቺን ዐሥረኛ ጥይት ልጥላት እችል ነበር። በዘጠኙ ብኮራ ማን ያውቃል? ግን በሚቀጥለው ሳምንት ያችው ጥይት እንደገና ወጣች፤ ያኔ ጠመንጃው እንዳልሆነ፣ እኔ ሲደክመኝ ትንፋሼን እንደምቆርጥ ገባኝ። አሁን ንገረኝ፣ ይህን ስትጨርስ የት ነው የምታስቀምጠው?

እኔ፦ ክፍሌ። አልጋዬ ሥር።

ጋሼ፦ ማን ማን ነው እቤት ያለው?

እኔ፦ ሦስት ነን፤ ያውቋቸዋል። የጎንደሩ ልጅ፣ እኔ፣ እና... ያ ሥራ የለቀቀው።

ጋሼ፦ ደህና ነው?

እኔ፦ ማታ አይተኛም። ስልክም አያነሳም። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ብዙ አያወራም፤ ሲያወራም ሸክም ሆኛለሁ ይላል። ይሻለዋል ብዬ ነበር።

አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በጨርቁ ላይ የተደረደሩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ወደ ካርቶኑ መመለስ ጀመሩ።

እኔ፦ ጋሼ?

ጋሼ፦ በዚህ አገር በ2021 እ.ኤ.አ. 48,830 ሰው በመሣሪያ ሞቷል። ከዚያ ውስጥ 26,328ቱ በገዛ እጃቸው ነው። ከግማሽ በላይ። እኛ ሌባ ይመጣል ብለን እንቆልፋለን፤ ግን የሚከፋው ሰው ብዙ ጊዜ ውስጥ ነው ያለው። አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ፣ ከእኛው ሰው፤ ስማቸውን አልጠራም። ልጁ ለአንድ ሌሊት ብቻ ነበር የጨለመበት። መሣሪያው ባይኖር ነግቶለት ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ።

እኔ፦ እኔ እንዲህ ብዬ አላሰብኩም። እውነቴን ነው።

ጋሼ፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምነግርህ። ይህ ካርቶን ወደዚያ ቤት አይመለስም። ጥይትስ ገዝተሃል?

እኔ፦ አንድ ሳጥን። መኪናዬ ውስጥ አለ።

ጋሼ፦ አምጣው። ሁለቱም እዚህ ይሁኑ፣ በተለያየ ቦታ። ጥግ ያለውን የብረት ካዝና ታያለህ? ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ ከመስቀሌ ጋር። ሌላ ቅጂ የለውም፤ ሚስቴም ይህን ታውቃለች። ጠመንጃውን በየቅዳሜው መጥተህ እዚህ እንሠራዋለን። ለክተን፣ አሳይተን፣ ተኩሰን፤ ዐሥሩንም ጥይት።

እኔ፦ እሱንስ? ጓደኛዬን።

ጋሼ፦ ዛሬ ማታ ብቻውን እንዳይሆን። ቀጥ ብለህ ጠይቀው፤ ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ በለው። መጠየቅህ ሐሳብ አይሰጠውም፤ ያቀለዋል እንጂ። አዎን ካለህ ወደ ቀውስ መስመሩ፣ 988፣ ትደውላለህ፤ ሌሊትም ይሁን ቀን ያነሳሉ። ከዚያ ለእኔ ደውል፣ እመጣለሁ። ነገ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችሁም እዚህ ምሳ ትበላላችሁ።

ጥይቱን ከመኪናዬ አመጣሁ። አጎቴ ካዝናውን ከፍተው ካርቶኑን ከኤም ዋኑ ሥር አስገቡት፤ የጥይቱን ሳጥን ግን ፎቅ ወስደው በሌላ ቦታ ቆለፉበት። ሲመለሱ ነጭ ፕላስተር ቀደው ካርቶኑ ላይ ለጠፉ፤ ስሜንና ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት። ባለ ሦስት ቀዳዳዋን ወረቀት ሊሰጡኝ ዘረጉና መልሰው ያዟት። ጥጓ ላይ «ከሠላሳ ውስጥ 3» ብለው ጽፈው መሳቢያው ውስጥ ከራሳቸው ወረቀቶች ጋር አስቀመጧት።

ደረጃውን ስወጣ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። በአራተኛው ጥሪ ተነሳ።